ዐሥራ ሰባተኛው መስመር

ሐሰተኛ ሚዛን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው የተበደለውን ሰው ሳይሆን አድልዎ የተደረገለትን ነው። በጠላቱ ላይ ልኬት ያዛባ ሰው ቢያንስ ክፋቱን በስሙ ያውቀዋል፤ ለወዳጁ ብሎ ያዛባ ግን ክፋቱን ደግነት ብሎ ስለሚጠራው በጊዜ አይመለስም። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው የአንድ መዛኝ ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል።

ሰውየው የሚመዝነው እህል ወይም ብረት አልነበረም። ሁለት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ለአንድ አገልግሎት ሲወዳደሩ የትኛው እንደሚፈጥን በአንድ የሙከራ ጣቢያ ውስጥ እየለካ የሚመሰክር ባለሙያ ነበር፤ በዚህ ሥራ ዐሥራ ስድስት ዓመት ኖሯል። ክፍሉ መስኮት የለውም። በግድግዳው ጥግ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ሰርቨሮች ቆመዋል፤ ማራገቢያዎቻቸው ቀኑን ሙሉ ስለሚጮኹ እዚያ የሚገባ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። መዛኙ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ሲናገር ሰው ዝም ብሎ እንዲሰማው የለመደ ነበርና።

«ፕሮግራሙ ፈረስ ነው፤ ስርዓተ ክወናው ደግሞ ሜዳው» ይል ነበር። «አንዱን በሜዳ፣ ሌላውን በአቀበት አስሩጦ ይህኛው ፈጠነ ማለት ምስክርነት አይደለም፤ ስድብ ነው።»

እንዲህ ማለቱ እውነት ነበር። ፕሮሰሰሩ ኃይል እንዲቆጥብ ከታዘዘ ያዘግማል። ሜሞሪው የትናንቱን ይዞ ካደረ ዛሬ ሳይለፋ የለፋ ይመስላል። ከበስተጀርባ ዝማኔ የሚያወርድ አገልግሎት ካልተዘጋ ጉልበቱን ይሻማል። ስለዚህ መዛኙ እነዚህን ሁሉ የሚዘረዝር፣ ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ አንድ፣ ሃያ ሁለት መስመር ያለው የቅንብር ወረቀት ነበረው። ከምዘና በፊት የሁለቱ ፕሮግራሞች ሠሪዎች ፊት ለፊቱ ይቆማሉ፤ እሱ መስመር በመስመር ያነብላቸዋል፤ እነሱ ያዳምጣሉ፤ ሁለቱም በሁለቱም ወረቀት ላይ ይፈርማሉ። ከዚያ በሩ ይዘጋል። ማሽኑ ጠፍቶ ይነሣል፤ የመጀመሪያው ሩጫ ይጣላል፤ ዘጠኝ ጊዜ ይሮጣል፤ መካከለኛው ቁጥር ይወሰዳል። በመጨረሻም ማንም በማሽን እንዳያሳብብ ፕሮግራሞቹ ቦታ ተለዋውጠው እንደ ገና ይመዘናሉ።

ጣቢያው አንድ ሌላ ልማድ ነበረው፤ «እንደ ተመዘነ ይተከላል» ይባላል። ቀድሞ ሠሪዎች ለፈተና ቀን ማሽኑን አሰማምረው፣ ለአገልግሎት ሌላ ነገር ያስረክቡ ነበር። ይህን ለመከልከል ሲባል የአሸናፊው ዲስክ ከነሙሉ ቅንብሩ በምዘናው ቀን ይታሸጋል፤ ወደ አገልግሎት ቦታም አንዲት ነገር ሳይለወጥበት ይገባል። ማኅተሙ የሚከፈተው ሁለቱ ሠሪዎችና ኃላፊው በተገኙበት ብቻ ነው። ልማዱ የቅኖች ልማድ ነበር። የመዛኙን ሐሰት በጀርባው ተሸክሞ ሰው ቤት ያደረሰውም ይኸው ልማድ ነው።

ነገሩ የተጀመረው የድንገተኛ ጥሪ ማዕከሉ፣ አምቡላንስ የሚልከው ማለት ነው፣ አዲስ ፕሮግራም በፈለገ ጊዜ ነበር። ሁለት ፕሮግራሞች ቀረቡ። አንዱን የሠራችው ከእጇ ስህተት ስለማያልፍ የሙያ ጓደኞቿ «ወንፊት» የሚሏት ሴት ናት። ሌላውን የሠራው የመዛኙ ታላቅ ወንድም ነበር።

በሕጉ መሠረት መዛኙ «ዘመዴ ነው» ብሎ ራሱን ማግለል ይገባው ነበር። ለኃላፊው ተናገረ፤ ኃላፊው ሳቀ። «አንተ እናትህን ብትመዝን ከግራም አታጎድልም» አለውና መለሰው። ወንፊትም ብትጠየቅ አልተቃወመችም። «ወንድሙ ከሆነማ ይጨክንበታል፤ እኔ ነኝ የማተርፈው» አለች። ሁሉ አመነው። ሰው ሲታመን ሁለት በር ይከፈትለታል፤ አንዱ የሚገባበት ነው፣ ሌላው የሚወድቅበት።

ታላቅየው ዐሥራ አራት ዓመት ይበልጠዋል። አባታቸው ሲሞት መዛኙ ገና ፊደል አልጨረሰም ነበር፤ ያሳደገው ይህ ወንድሙ ነው። እናታቸውም ስትሞት ታናሹን እጁን ይዛ «ወንድምህ ዕድሜውን ላንተ ሰጥቷል፤ እንዳትጥለው አደራ» ብላዋለች። ታላቅየው አላገባም፤ ልጅም የለውም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የደከመበት አንድ ፕሮግራም ብቻ ነበረው። ዓይኑ ደግሞ ከዳር ወደ መሐል እየጨለመ ነበር።

የዚያ ፕሮግራም ጠባይ እንደ ሠሪው ነው። ጥሪ ሲመጣ በሦስት ቦታ ይጽፈዋል፤ ሦስቱም ዲስክ ላይ ማረፋቸውን ሳያረጋግጥ ለጥሪ ተቀባይዋ «ተመዝግቧል» የሚለውን ቃል አያሳይም። ታላቅየው ስለ ሥራው ሲጠየቅ የሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሳይጽፍ ጻፍሁ አይልም።»

በምዘናው ቀን ወረቀቶቹ ተነበቡ፤ ተፈረሙ። ዐሥራ ሰባተኛው መስመር «የዲስክ መልስ፦ ከተጻፈ በኋላ» ይል ነበር። ትርጉሙ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ «ይህን ጻፍልኝ» ሲል ማሽኑ «ጽፌአለሁ» ብሎ መመለስ የሚችለው ነገሩ ዲስክ ላይ ካረፈ በኋላ ብቻ ነው ማለት ነው። ቅንብሩ ቢለወጥ ማሽኑ ነገሩን ገና በሜሞሪ አንጠልጥሎ ሳለ «ጽፌአለሁ» ይላል። ይህ እጅግ ይፈጥናል፤ ነገር ግን በዚያች ቅጽበት መብራት ቢጠፋ ተጻፈ የተባለው የለም።

በሩ ተዘጋ። የወንፊት ፕሮግራም በሰከንድ ሦስት መቶ ዐሥር ጥሪ መዘገበ። የታላቅየው አንድ መቶ ሰባ ሁለት። መዛኙ ማሽኑን አጥፍቶ አስነሣ፤ አንድ መቶ ሰባ አንድ። እንደ ገና ሞከረ፤ አንድ መቶ ሰባ ሁለት። ቁጥሩ እንደ ወንድሙ ጽኑ ነበር፤ አይለመንም።

ውሃ ለመጠጣት ወጣ። ታላቅየው በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጧል።

«ማሙሽ ነህ?» አለ ገና ከሩቁ። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው በዚህ ስም የሚጠራ ሌላ ሰው በዓለም አልቀረም።

«እኔ ነኝ ጋሼ። በምን አወቅህ?»

«ግራ ጫማህ ይንቋቋል። ከልጅነትህ ጀምሮ ግራውን ነው ቀድመህ የምትጨርሰው።» ፈገግ አለ። «ዓይን ሥራ ሲለቅ ጆሮ ይሾማል። አይዞህ፣ ውጤቱን አልጠይቅህም፤ ሕጉን አውቃለሁ።»

መዛኙ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ሐኪሙ ትናንት ደውሎ ነበር» አለ ታላቅየው። «ከመንፈቅ በኋላ ስክሪን የሚባል ነገር እርሳው አለኝ። ‹ዶክተር፣ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ነገር አገልግሎት ሲሰጥ ልይ እንጂ ከዚያ ወዲያ ያለውን ባላየውም ግድ የለኝም› አልሁት።»

«ባይሆንስ ጋሼ?»

ታላቅየው ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። በሩን ሳይሆን ብርሃኑን ነበር የሚያየው። «ባይሆንማ ከእኔ የሚቀር ነገር የለም። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። አንተን አሳደግሁ፤ አንተ ደግሞ ሥራህ የሌላውን መመዘን ሆነ» ብሎ ሳቀ።

መዛኙ አልሳቀም። ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ተመለሰ፣ በሩን ቆለፈ፣ የወንድሙ ፕሮግራም ባለበት ማሽን ፊት ተቀመጠ፤ ዐሥራ ሰባተኛውንም መስመር «ከመጻፉ በፊት» አደረገው። «ለዛሬ ብቻ ነው» አለ በልቡ። «ውጤቱ እንደ ተነበበ እመልሰዋለሁ። ለማዕከሉ የሚገባው እውነተኛው ይሆናል፤ ማንም አይጎዳም።» ኃጢአት ሁልጊዜ የሚመጣው የመመለሻውን ቀን ይዞ ነው።

ፕሮግራሙ በሰከንድ አምስት መቶ አርባ አንድ ጥሪ መዘገበ። ቦታ ተለዋውጠውም ያው ሆነ፤ ቅንብሩን ከፕሮግራሙ ጋር አዛውሮታልና።

ውጤቱ ሲነበብ ታላቅየው የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። «አምስት መቶ?» አለ ዝግ ብሎ። «እኔ እንኳ ይህን አልጠበቅሁም።»

«ልጅዎን አያውቁትም ነበር ማለት ነው ጋሼ» አለችው ወንፊት። እጁን ጨበጠች። «እንኳን ደስ አለዎት። እውነቴን ነው።» ከዚያ መዛኙን አየችው፤ ቁጥሩንም አየች፤ ደግማ መዛኙን አየችው።

መዛኙ «እስኪ አንድ ጊዜ ማሽኑን ላጽዳና» ብሎ ሲነሣ ኃላፊው ማኅተሙን ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር። «ምን ይጸዳል? እንደ ተመዘነ ይተከላል» አለና ዲስኩን በሁሉም ፊት አሸገው። መዛኙ በዚያች ሰዓት አንድ ቃል ቢተነፍስ ኖሮ ወንድሙ ይሸነፍ ነበር እንጂ ማንም አይሞትም ነበር። አልተነፈሰም።

ፕሮግራሙ ማዕከሉ ገባ። የመጀመሪያው የጥገና ቀን ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ማኅተሙ እስከዚያ አይከፈትም። መዛኙ ቀን መቁጠር ጀመረ። በየመንገዱ፣ በየቢሮው፣ በቤቱም ጣራውን ያያል፤ አምፖል ሲርገበገብ ሥራውን ትቶ ይነሣል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ምክንያት እየፈለገ ወደ ማዕከሉ ይሄድ ነበር። እዚያ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ማሽኖቹን ይዘው የሚያቆዩ ባትሪዎች አሉ። መዛኙ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋር ቆሞ ባትሪዎቹን ያያቸው ነበር፤ የታመመ ዘመድ እንደሚጠየቅ።

«ይህ ስንት ዓመቱ ነው?» አለው አንድ ቀን።

«ከእኔ በፊት የተቀጠረ ነው። ጡረታ ጠይቆ መልስ አጣ።»

«አልቀልድም ወዳጄ፤ መቀየር አለበት።»

«እኛስ መች ቀለድን? ሁለት ጊዜ አመለከትን እኮ።» ሠራተኛው እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ምን አሉን መሰለህ? አዲሱ ፕሮግራም መብራት ቢጠፋም አንዲት ጥሪ አይጥልም፤ በመዛኝ ተፈርሞበታል፤ ስለዚህ ባትሪው አይቸኩልም አሉን። ፊርማው ያንተ አይደለም እንዴ?»

መዛኙ «የእኔ ነው» አለ።

«በል እንግዲህ፤ አርፈህ ተኛ። ከመብራቱ ጋር የተጋባህ እኮ ነው የምትመስለው።»

በአርባ ሦስተኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ። ባትሪው ማሽኑን ለአራት ሰከንድ ያህል ይዞ ለቀቀው። ጄኔሬተሩ በዐሥራ አንደኛው ሰከንድ ተነሣ። ማሽኖቹ ተነሡ፤ ስክሪኖቹ በሩ፤ ማንም የጎደለ ነገር አላየም። በሜሞሪ ተንጠልጥለው የነበሩ አራት ጥሪዎች ግን ወደ ሹፌሮቹ ሳይደርሱ ጠፍተው ነበር። ሦስቱ ደዋዮች አምቡላንስ ሲዘገይባቸው ተቆጥተው እንደ ገና ደወሉ፤ ተላከላቸው።

አራተኛዋ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ መተንፈስ አቅቶታል። ጥሪ ተቀባይዋ በስክሪኑ ላይ ያየችውን ቃል አምና «ተመዝግቧል እናቴ፤ መኪናው እየወጣ ነው፤ በር ላይ ሆነው ይጠብቁት» አለቻት። ሴትዮዋ ዳግመኛ አልደወለችም፤ ታምናለችና። አርባ ደቂቃ በር ላይ ቆማ መንገዱን ስታይ ባሏ ከኋላዋ ሞተ።

ምርመራ ተጀመረ። የጥሪ ተቀባይዋ ድምፅ ተቀድቶ ስለነበር ቃሏ ተሰማ፤ «ተመዝግቧል» ብላለች፤ የተመዘገበ ነገር ግን የለም። ጣቱ ሁሉ ወደ ታላቅየው ዞረ። ሳይጽፍ ጻፍሁ አይልም የተባለለት ፕሮግራም ሳይጽፍ ጻፍሁ ብሏል።

ታላቅየው አልተከራከረም። የፕሮግራሙን ኮድ በሙሉ በትልልቅ ፊደል አሳተመና ወደ መዛኙ ክፍል ተሸክሞት መጣ፤ ሌላ ቦታ ሁሉ ሰው እየመጣ ያጽናናው ነበርና ማጽናናቱ አንገፍግፎታል። በማጉያ መስተዋት ሁለት ገጽ አነበበ። ከዚያ መስተዋቱን አስቀመጠ።

«አልቻልሁም። አንብብልኝ ማሙሽ።»

መዛኙም አነበበለት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አመሻሹ ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ ዐሥራ አንድ ቀን፣ ንጹሑን ፕሮግራም መስመር በመስመር ለንጹሑ ሰው አነበበለት። ታላቅየው ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «እዚህ ላይ መለስ በል» ይላል። «ይህችን ድገማት።» «ሦስቱም መጻፋቸውን የሚጠይቀው የት አለ? አዎ፣ አለ፤ ይጠይቃል። ታዲያ ማን መለሰለት?» ይላል። መዛኙ ማን እንደ መለሰለት ያውቃል። ማራገቢያዎቹ ይጮኻሉ፤ እሱ ያነባል።

«የቅንብሩን ነገር ለምን አታስፈትሽም ጋሼ?» አለ በስድስተኛው ቀን። እንዲያዝ ፈልጎ ነው ማለት ይቻላል። ግን ሰው ሌላው እንዲይዘው መፈለጉ መናዘዝ አይደለም።

«ቅንብሩን አንተ አይደለህ ያነበብኸው?» አለ ታላቅየው። «እሱን ከጠረጠርሁ እጄንም መጠርጠሬ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው። ዓይኔ ሲደክም የሆነ ቦታ አንድ መስመር ዘልዬአለሁ። ቀጥል።»

መዛኙ ቀጠለ። በዘጠነኛው ቀን ታላቅየው መብላት አቆመ። በዐሥረኛው ቀን ምርመራ ክፍል ተጠርተው ሄዱ፤ ልብስ ሰፊዋ በኮሪደሩ ተቀምጣ ነበር። ጥቁር ለብሳለች፤ በጣቷ ላይ ያለው የመስፊያ ቀለበት አሁንም አልወለቀም። ሰዎች ታላቅየውን በጣት አሳዩአት። ተነሥታ ፊቱ ቆመች።

«ፕሮግራሙን የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ እመቤቴ።»

«ልጠይቅዎት ብዬ ነው እንጂ ልጣላዎት አይደለም። ተመዝግቧል ተብዬ ነበር። ባይሉኝ ኖሮ ጎረቤት መኪና አለው፤ እሱን እጠራው ነበር። ለምን ተመዝግቧል አለኝ?»

ታላቅየው ፊቷን ለማየት አንገቱን ወዲህና ወዲያ አዘነበለ፤ ፊቷ በጨለመው በኩል ነበር። «አላውቅም» አለ። «ፈልጌ አጣሁት። ግን ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በይኝ ማለት እንኳ አልደፍርም።»

መዛኙ ከሁለቱ አንድ እርምጃ ርቆ ነበር። ወለሉ ላይ ባለ ስንጥቅ ዓይኑን ተክሎ ቆየ። በማግሥቱ ታላቅየው ጥፋተኛነቱን በጽሑፍ አምኖ ፈረመ፤ ፕሮግራሙም ከአገልግሎት እንዲወጣ ጠየቀ። የሚፈርምበትን ቦታ አይቶ ስላላገኘው፣ ጣቱን ይዞ መስመሩ ላይ ያስቀመጠለት ታናሽ ወንድሙ ነው።

ወንፊት የመጣችው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። አልተቀመጠችም።

«ፕሮግራሙን አራት ቀን አነበብሁት» አለች። «እንከን የለበትም። ዘገምተኛ ነው፣ ንጹሕ ነው። ዘገምተኛ የሆነው ንጹሕ ስለሆነ ነው።»

መዛኙ በእጁ የያዘውን ወረቀት አስቀመጠ።

«ስለዚህ ቁጥር መቁጠር ጀመርሁ። ይህ ዲስክ እውነቱን የሚናገር ከሆነ በሰከንድ ከስድስት መቶ ጊዜ በላይ አይጽፍም። ጋሼ አንዱን ጥሪ ሦስት ጊዜ ይጽፋሉ። ስድስት መቶ ለሦስት ሲካፈል ስንት ነው? እኔ ልንገርህ፤ ሁለት መቶ። አንተ የጻፍኸው አምስት መቶ አርባ አንድ ነው። ዲስኩ ራሱ የማይችለውን ቁጥር ነው የፈረምኸው። ያን ቀን ገና ሲነበብ አንድ ነገር ቆርቁሮኝ ነበር፤ አንተ ነህ ብዬ ተውሁት። የእኔም ጥፋት እሱ ነው።»

«ለእሱ ብዬ ነው» አለ መዛኙ።

«ለእሳቸው?» አለች። ድምፅዋ አልከፋም፤ ደከመ እንጂ። «ባሸንፍ ምን አስቤ እንደ ነበር ታውቃለህ? ማዕከሉ በክፉ ቀን እንኳ በሰከንድ ሁለት ጥሪ አይመጣለትም። ፍጥነቱን ከእኔ፣ አጻጻፉን ከጋሼ ወስደን አብረን እንሥራ ልላቸው ነበር። አንተ ግን የቆጡን አወርድ ብለህ የብብታቸውን ጣልህባቸው።» ወደ በሩ ሄዳ ቆመች። «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ማኅተሙ እንዲከፈት አመለክታለሁ። እስከዚያ ለወንድምህ በአፍህ ንገራቸው። ከእኔ ከሚሰሙት ይሻላል። ይሻላል ያልሁት ለሳቸው ነው።»

ወንፊት ከወጣች በኋላ ታላቅየው የታተሙትን ወረቀቶች ሊሰበስብ ወደዚያው ክፍል መጣ። ሲገባ በእጁ ግድግዳውን እየዳሰሰ ነው። መዛኙ ወንበር ሳበለት።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። የእኔ ነው።»

«ተው ማሙሽ። ማጽናናት ሰልችቶኛል።»

«አይደለም። ወረቀቱ ከተፈረመ በኋላ ዐሥራ ሰባተኛውን መስመር ለወጥሁት። ተሸንፈህ ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀምጠህ ሳይህ አልቻልሁም።»

ታላቅየው ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ወደ ጎን ገፋ።

«አንብብልኝ» አለ።

«ምኑን?»

«መስመሩን። አሁን እንዳለ።»

መዛኙ በጣቢያው ማሽን የቀረውን የምዘናውን ቀን መዝገብ ከፈተና አነበበ። «የዲስክ መልስ፦ ከመጻፉ በፊት።»

«ከመጻፉ በፊት» አለ ታላቅየው። «ዘጠኝ ዓመት ይህች ብቻ እንዳትሆን ነው የሠራሁት።» ከዚያ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ ሒሳብ እንደሚያረጋግጥ ሰው ጠየቀ፤ «ዐሥራ አንድ ቀን ስታነብልኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለሴትዮዋ ስመልስላት?»

«አውቅ ነበር።»

«ጣቴን ይዘህ ስታስፈርመኝ?»

መዛኙ ወለሉ ላይ ተንበረከከና የወንድሙን ጉልበት ያዘ። «እናታችን አደራ ብላኝ ነበር ጋሼ። እንዳትጥለው ብላኝ ነበር።»

«አደራ የሚጠበቀው በእውነት ነው» አለ ታላቅየው። የወንድሙን እጆች አንድ በአንድ ከጉልበቱ አላቀቀና ተነሣ። «ብሸነፍ ዓይኔንና ሥራዬን ነበር የማጣው። አንተንም ጨምሬ አጣለሁ ብዬ አላሰብሁም።» በሩን ራሱ ፈልጎ አገኘው። መዛኙ ሊመራው ሲጠጋ እጁን ዘርግቶ ከለከለው፤ በኮሪደሩም ግድግዳውን ይዞ ብቻውን ሄደ።

በማግሥቱ በሦስት ሰዓት ማኅተሙ ሁሉም ባሉበት ተከፈተ፤ መስመሩም እንደ ተባለው ተገኘ። የታላቅየው የእምነት ቃል ተሰረዘ። የአጻጻፉ ክፍል ከወንፊት ፕሮግራም ጋር ተዋህዶ ከአምስት ወር በኋላ ማዕከሉ ውስጥ ገባ። አገልግሎት ሲሰጥ ግን ሠሪው አላየውም፤ ያን ጊዜ ዓይኑ ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። ወንፊት እጁን ይዛ ክፍሉን አስጎበኘችው፤ ጥሪ ተቀባይዋ «ተመዝግቧል» ስትል ቆሞ አዳመጠ።

መዛኙ የሐሰት የምዘና ሰነድ በማቅረብና በቸልተኝነት ለሰው ሞት ምክንያት በመሆን ተከሰሰ። ልብስ ሰፊዋ መሰከረች። ታላቅ ወንድሙ ስለ ተከሳሹ ጠባይ የሚናገረው ነገር እንዳለ በችሎት ሲጠየቅ «የምጨምረው የለኝም» አለ። ፍርድ ቤቱ በስድስት ዓመት እሥራት ቀጣው፤ የመዛኝነት ፈቃዱ እስከ መጨረሻው ተሰረዘ፤ በዐሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ የፈረማቸው ምዘናዎች ሁሉ ዋጋ አጥተው እንደ አዲስ እንዲመዘኑ ታዘዘ። ቅጣቱን እየፈጸመ ነው፤ እስከ ዛሬም ወንድሙ ሊጠይቀው አልሄደም።